ተጫዋቾቹ ስለ ጨዋታቸው ምን ይላሉ?

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ስለ በዓል አከባበር፣ ስለ ቤት አያያዝም ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ከዚህ ቀደም ያልነካነውን ነገር ልናነሣ ነው፤ ይኸውም ወጣቶቻችን በእጅ ስልካቸው ላይ ጐንበስ ብለው ሌሊቱን ሳይቀር የሚያሳልፉበት ጨዋታ ነው። በመካነ ሰላም ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በቦረናና በአማራ ሳይንት ደጋዎች፣ መብራትና ኔትወርክ በደረሰበት ቤት ሁሉ፣ ከወላጆች የምንሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ይህ ልጅ ምን አገኘበት?» ይሉናል።

ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለማያውቀው ሰው ነው። ጎረቤት ይጠየቃል፣ መምህር ይጠየቃል፣ አንዳንድ ጊዜም የነፍስ አባት ይጠየቃሉ፤ የሚጫወተው ልጅ ግን ሳይጠየቅ ይገሠጻል። ስለ እርሻ ገበሬውን፣ ስለ ቅኔም ባለ ቅኔውን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ስለ ጨዋታም አስቀድሞ ሊሰማ የሚገባው የተጫዋቹ ቃል ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ወር ከውጭ ቆሞ መንቀፉንም ማመስገኑንም ለጊዜው ትተን፣ ዕድሜው 25 ዓመት ያለፈውን አንዱን ጨዋታ መርጠን፣ ተጫዋቾቹ ስለ እርሱ ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ ልንነግራችሁ ወደድን።

ጨዋታው ሩንስኬፕ ይባላል። አንድሩ ጋወር የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከወንድሙ ከፖል ጋር ሆኖ ሠርቶ ለሕዝብ የከፈተው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ደግሞ ጃንዋሪ 4 ቀን 2001 ነው፤ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው በካምብሪጅ ከተማ የተቋቋመው ጃጌክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ነገሩን ላላየው ሰው እንዲህ ብለን ብናስረዳው ይሻላል፤ በኮምፒውተር ውስጥ የተሣለ አንድ ሰፊ አገር አለ፤ ከተማ፣ ዱር፣ ወንዝ፣ የማዕድን ጕድጓድ፣ ዘንዶ የሚተኛበት ዋሻም አለበት። ወደዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ አዲስ ስም አውጥቶ አዲስ ሰው ይሆናል። ዓሣ ያጠምዳል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ምግብ ያበስላል፣ ሰይፍ ታጥቆ ከአውሬ ጋር ይዋጋል። እርሱ ብቻም አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ከብራዚል፣ ከፖላንድ፣ ከአውስትራሊያ የገቡ ሺሕ ሰዎች በአጠገቡ ይሄዳሉ፤ ያነጋግሩታል፣ ይሸጡለታል፣ ይገዙታል። አንዱ ሲተኛ ሌላው ስለሚነቃ አገሪቱ አታንቀላፋም። እንደ እግር ኳስ ፍጻሜውን የሚያበሥር ፊሽካ የለውም፤ ያለቀለት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባንያው የተከፈቱት መዝገቦች 200 ሚሊዮን እንደደረሱ አስታውቆ ነበር። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጥንታዊው መልኩ በእጅ ስልክ ላይ ስለገባ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ቤት ያለው ልጅም ደረሰበት።

አንዲት የሰፈራችን እናት ባለፈው ዓመት ወደ እኛ መጥተው፣ «የኔታ፣ ይህ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁልኝ፤ እኔ ብጠይቀው ዝም ይለኛል» አሉን። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን ነው፤ ፈተናው የቀረበበት ጊዜ ነበር። አስቀርበን ስንጠይቀው ጥቂት ካፈረ በኋላ፣ «እንጨት እቈርጣለሁ» አለን። እናቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ «እንጨትማ ደጃችን ሞልቷል፤ መጥረቢያውም ከበሩ ኋላ ተደግፎልሃል!» አሉት። እኛም ሣቅ አመለጠን። ልጁ ግን አልሣቀም፤ «እማዬ፣ ደጅ የፈለጥሁት እንጨት ማታውኑ ነዶ ያልቃል። እዚያ የቈረጥሁት ግን ይቈጠርልኛል» አለ።

ይህ መልስ ለብዙ ቀን ከልባችን አልወጣም። ምክንያቱም ይህን ጨዋታ ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ የሚሰጡት መልስ በቃል ቢለያይም አሳቡ ይኸው ነው። ሩንስኬፕ ችኩል ጨዋታ አይደለም፤ እጅግ ዘገምተኛ ነው። እያንዳንዱ ሙያ ከ1 እስከ 99 ደረጃ አለው፤ 99 ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል፤ አንድ ግንድ ሲቈረጥ የሚገኘው ጥቂት አሥር ወይም ጥቂት መቶ ነጥብ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በዚህ ሲቀልዱ፣ የ99 እኩሌታው 92 ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ 92 የደረሰ ሰው ከመንገዱ ገና ግማሹን ነው የሄደው። ይህን ለመጨረስ ወራት የሚፈጅ ሰው አለ። ታዲያ ለምን ይወዱታል? በሚኖሩበት ዓለም ልፋታቸው ሳይታይ ሲቀር፣ በዚያ ግን እያንዳንዱ ምት ስለሚመዘገብ ነው። ማንም ባለ ሥልጣን አይሰርዘውም፤ ዘመድ ያለው ሰው አይቀድማቸውም። እንዲህ ያለው ቃል በሥራ ፍለጋ ከሚንከራተቱ ወጣቶች ሲሰማ፣ ስለ ጨዋታው ብቻ የተነገረ አይደለምና ወላጅ ሊያዳምጠው ይገባል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ቃልም የሚናገሩት እነዚያው ተጫዋቾች ናቸው። ጨዋታው የተጫወቱበትን ሰዓት ቈጥሮ ያሳያል። ሺሕ ሰዓት፣ አምስት ሺሕ ሰዓት የሚል ቍጥር ባዩ ጊዜ የደነገጡ፣ «በዚህ ሰዓት አንድ ቋንቋ እማርበት ነበር» ብለው ያዘኑ፣ ትተው ሄደው ከዓመት በኋላ የተመለሱም ብዙዎች ናቸው። ከዚህ ጨዋታ መውጣት የለም፤ ማረፍ ብቻ ነው ያለው የሚል ቀልድም አላቸው። ቀልድ ቢሆንም ለወላጅ ጆሮ ደስ የሚል አይደለም።

ስለ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ አንባቢዎቻችን ይታዘቡናል። በዚያ አገር «ጸሎት» የሚባል ሙያ አለ፤ ደረጃውም የሚያድገው የሞተ አውሬ አጥንት በመቅበር ነው። በልብ ወለድ የተፈጠሩ አማልክትም አሉበት። ተማሪያችን «መምህር፣ ይኼማ ስም ብቻ ነው» አለን፤ እኛም እንደ ተረት ስም እናየዋለን። ዳሩ ግን ጸሎት የሚለውን ቃል ሕፃን ልጅ አስቀድሞ ከስልክ እንዳይማረው፣ እናት አቡነ ዘበሰማያትን ቀድማ ታስጠናው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ኩባንያው ሁለት ነገሮችን ከለከለ። አንደኛው ሰው ከሰው ጋር በዱር ውስጥ የሚዋጋበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ዋጋው ያልተመጣጠነ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ ነው። ምክንያት አላጣም፤ የጨዋታውን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ነጋዴዎች በዝተው፣ በተሰረቀ የባንክ ካርድ መዝገብ እየከፈቱ ኩባንያውን አስቸግረው ነበር። ነገር ግን ክልከላው ሌባውን ሲይዝ ወዳጁንም አብሮ ያዘው፤ ከዚያ ጀምሮ አንድ ሰው ለጓደኛው ውድ ስጦታ መስጠት አልቻለም። ተጫዋቾቹም በጨዋታው ከተሞች አደባባይ በሺሕ ተሰብስበው ጮኹ። ብዙዎችም ትተው ሄዱ። ኩባንያው በአሳቡ ሦስት ዓመት ከጸና በኋላ ነገሩን ለድምፅ አቀረበ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ድምፅ ተሰጥቶ ከመቶ 90 የሚያህለው «ይመለስ» ስላለ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011 የቀድሞው ሥርዓት ተመለሰ።

ኩባንያው ከዚህ የተማረ ቢመስልም በዓመቱ ደግሞ ሁለት ነገር ጨመረ። የውጊያውን ሥርዓት ከሥሩ ለወጠው፤ በገንዘብ እየተገዛ የሚሽከረከር የዕድል መንኰራኵርም አስገባ። ስለ ውጊያው የተጫዋቾቹ አሳብ የተከፋፈለ ነበር። ስለ መንኰራኵሩ ግን ያላቸው ቅሬታ ለእኛም ግልጽ ሆኖ ይታየናል፤ አንዱ ስድስት ወር ለፍቶ የሚያገኘውን ሌላው በአባቱ ካርድ በአንድ ማታ ከገዛው፣ ያ «ይቈጠርልኛል» የሚለው ልጅ የሚመካበት ነገር ፈረሰ ማለት ነው። ገንዘቡ ካስቈጣቸው ይልቅ ልፋቱ መናቁ አስቈጣቸው። እንደ ገና ብዙ ሰው ለቀቀ።

በዚህ ጊዜ የኩባንያው ሰዎች ከ2007 ጀምሮ የተቀመጠ አንድ የጨዋታው ቅጂ በመዝገብ ቤታቸው አገኙ። «ይህን አሮጌውን እንክፈትላችሁን?» ብለው ቢጠይቁ ወደ 450,000 ሰው ድምፁን ሰጠ። የካቲት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ኦልድ ስኩል በሚል ስም ተከፈተ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአሮጌው ጨዋታ ላይ አዲስ ነገር ለመጨመር ከፍለው የሚጫወቱት ሰዎች ድምፅ ይጠየቃል፤ ከመቶው 75 ካልደገፈው አይጨመርም ተባለ። እኛ በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ ስንከራከር የምናመሽበትን ጉዳይ እነርሱ በድራጎንና በዓሣ ጉዳይ አመሹበት ማለት ነው።

ሕጉ ያለ ነቀፋ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የመርከብ ጉዞ ሙያ ይጨመር ተብሎ ቢቀርብ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተጫዋች እየደገፈው 75 ስላልሞላ ወደቀ። በ2019 የቀረበው ሌላ ሙያም እንዲሁ ወደቀ። አንዳንዶቹ «ጥቂቶች ብዙኃኑን አሰሩ» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አሮጌውን ስለወደድነው መጣን፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ብታክሉበት እንደ ገና የምንሸሸው ቤት ይሆናል» ብለው መለሱ። በኋላ ወሰኑ ወደ 70 ዝቅ ተደረገ፤ የመርከቡ ሙያ ዳግም ቀርቦ አለፈና በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተከፈተ። ተማሪያችንም መርከብ መንዳት ጀምሯል፤ እስካሁን ያየው ትልቁ ውኃ የዓባይ ሸለቆ ነው። ስለዚያ የገንዘብ ዕጣ ደግሞ፣ በኋላ ስሙንና መልኩን ለውጦ በዋናው ጨዋታ ውስጥ ሲኖር ቆይቶ፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ «100,000 ድምፅ ካገኘ እናነሣዋለን» ተባለ፤ ድምፁም ሳይዘገይ ሞላ።

ተጫዋች በጨዋታው ላይ አፍ ያለው መሆኑ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ እንመልከት። በቀይ ጨርቅ ላይ መሥመር ተሰምሮ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፉ ነበር። እንደ ሌላው ዓለም ተራ በተራ አይጀመርም፤ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ሰው እስኪማረክ ድረስ ተራ የለም። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ እጁንም ሰዶ ያሳያል። በራስ ዓሊ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ጽፎት በ1868 በታተመው መጽሐፉ ይህን አወጋ ተርኮታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው ጽፈዋል። እነርሱ ባይጽፉልን ኖሮ ዛሬ ስለ ወረራ የሚነግረን ሰው እምብዛም አናገኝም ነበር። ሰንጠረዥ የጠፋው ተመካሪ አጥቶ አይደለም፤ ምክሩን የሚመዘግብ፣ የተረሳውንም ቅጂ ከሣጥን አውጥቶ የሚከፍት ስላልነበረው ነው ብለን እናስባለን።

ይህን ያህል ስለ ሕግና ድምፅ ከተናገርን፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው እጅግ የተፋረዱበትን ጉዳይ እንንገራችሁ። ቬንዙዌላ የምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር ገንዘቧ ዋጋ ባጣ ጊዜ፣ ደመወዝ የወር እንጀራ መግዛት ሲያቅተው፣ ብዙ የዚያ አገር ሰዎች ወደ ኦልድ ስኩል ገቡ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ዘንዶ ይገድላሉ፤ አጥንቱንና ቆዳውን በጨዋታው ገበያ ሸጠው ወርቅ ያጠራቅማሉ፤ ወርቁን ደግሞ ለሌላ አገር ተጫዋች በዶላር ይሸጣሉ። በዚያ የሚያገኙት ጥቂት ዶላር በአገራቸው ከመምህር ደመወዝ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። የጨዋታው ሕግ ግን ወርቅን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥን አጥብቆ ይከለክላል።

በዚህ ላይ የተሰጠው አሳብ የሰውን ልብ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተጫዋች፣ እነዚህን ሰዎች በዘንዶው ሜዳ እንዴት አድፍጦ መግደል እንደሚቻል የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። ብዙዎች አጨበጨቡ፤ «ጨዋታችንን አረከሱት፣ የዕቃውን ዋጋ ጣሉት፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «ለእኛ መዝናኛ የሆነው ለእርሱ የልጁ እራት ነው፤ ስትገድለው የምትቀማው የጨዋታ ዕቃ አይደለም» ብለው ተሟገቱ። ሕግ አክባሪው እውነት አለው፤ ርኅሩኁም እውነት አለው። በመጋቢት 2019 በዚያች አገር መብራት ለብዙ ቀን በጠፋ ጊዜ፣ በሌላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች የገበያው ሁኔታ መለወጡን ተነጋገሩበት፤ በሩቅ አገር ቤቶች የጠፋው መብራት በተረት ገበያ ላይ ታወቀ ማለት ነው። እኛ ይህን ስንሰማ ፍርዱን ለአንዱ ወገን መስጠት አልቻልንም። ይሁን እንጂ አድፍጦ ለመግደል መመሪያ የጻፈውን ሰው ለተማሪዎቻችን ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ገንዘብና ሰዓት ይጠብቁናል። ጨዋታው በነጻ የሚጫወቱት ክፍል አለው፤ ሙሉውን የፈለገ ግን በወር ከ10 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ ይህም በዛሬው ምንዛሪ ከ1,000 ብር ይበልጣል። በዚያ ላይ የኢንተርኔቱ ጥቅል አለ። ኔትወርክ እንኳ የሚታመን አይደለም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ በከተማችን ገበጣ የሚጫወቱ ወጣቶች በርክተው አይተናል፤ ለገበጣ ጠጠርና ጕድጓድ ይበቃዋል። ኔትወርኩ ሲመለስ ግን ወደ ስልካቸው ተመለሱ፤ በገበጣው የሚገኘው ባላጋራ አንድ የሰፈር ልጅ ነው፣ በስልኩ ያለው ግን ዓለም ሁሉ ነውና። ወላጅ «ከማን ጋር ነው የሚያመሸው?» ብሎ መጨነቁ ስለዚህ ነው። ጭንቀቱም ከንቱ አይደለም፤ በስም ተሰውሮ ልጅ የሚያታልል ሰው በዚያም ሞልቷል።

ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀ አንድ አባት በኖርዌይ አገር ነበረ። ሮበርት ስቴን ይባላል። ልጁ ማትስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጡንቻን በሚያደክም ጽኑ ሕመም የተያዘ ነበር፤ ውሎ አድሮ ከተሽከርካሪ ወንበር መነሣት አልቻለም፤ በመጨረሻም የሚንቀሳቀሱት ጣቶቹ ብቻ ሆኑ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን፣ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተባለውን የሩንስኬፕን ዓይነት ሌላ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ዓመታት ከ15,000 ሰዓት በላይ በዚያ አሳልፏል። ወላጆቹ፣ «ልጃችን ወዳጅ ሳይኖረው፣ ፍቅር ሳያውቅ፣ ለማንም ሳይጠቅም ሊሞት ነው» እያሉ ያዝኑ ነበር። በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ ዐረፈ።

ማትስ በሕይወቱ ሳለ ስለ ሕመሙ የሚጽፍበት ገጽ ነበረው፤ የመክፈቻውን ቃል ለአባቱ ትቶለት ስለነበር፣ አባቱ በዚያ ላይ መርዶውን ጻፈ። ማን ያነበዋል ብሎ አላሰበም። ወዲያው ከብዙ አገር ደብዳቤ ይጐርፍ ጀመር። ሰዎቹ ማትስን ኢቤሊን በሚባል የጨዋታ ስሙ ያውቁታል፤ አንዱ በጨለማ ጊዜዬ አጽናንቶኛል አለ፤ አንዲት እናት ሐሳቡን መግለጥ ከሚቸግረው ልጄ ጋር በጨዋታው ውስጥ እንድንቀራረብ መከረኝ አለች። በኔዘርላንድ የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች፤ የትምህርት ውጤቷ ስለወረደ ወላጆቿ ኮምፒውተሯን ቀምተዋት ሳለ፣ ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጽፎ ጨዋታው ለእርሷ ምን እንደሆነ በትሕትና አስረድቷቸው ነበር።

በኦስሎ በተፈጸመው ቀብሩ ላይ ወላጆቹ በአካል አይተዋቸው የማያውቁ ወጣቶች ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች መጥተው ቆሙ። ከእነርሱ አንዱ ሲናገር፣ በዚያች ሰዓት በኔዘርላንድ በአንድ የትምህርት ክፍል፣ በስዊድን በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በአየርላንድም በአንድ የሥራ ቦታ ለማትስ ሻማ እየበራ መሆኑን አስታወቀ። ታሪኩ በ2024 በፊልም ተሠርቶ ለዓለም ታይቷል።

ይህን ለተማሪያችን እናት በነገርናቸው ጊዜ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው፣ «አንተስ እዚያ እነማን አሉህ?» አሉት። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አንዱ ሕንዳዊ ነው፤ ሦስተኛው ግን አገሩን ተናግሮ አያውቅም አላቸው። ሦስተኛውን አልወደዱትም፤ እኛም አልወደድነውም፤ አገሩን የማይናገር ሰው ስለ እርሱ ቤት፣ ስለ ስሙና ስለ ገንዘብ ቢጠይቀው እንዳይመልስለት ልጁን አስጠነቀቅነው። ስለ ሌሎቹ፣ «እናት አላቸው ወይ?» ብለው ጠየቁት። ሕንዳዊው እናቱ ሌሊት ሌሊት እንደምትቈጣው ነገሯቸው። «ታዲያ ለምን አትሰሙንም?» አሉት። በማግስቱ ተስማሙ፤ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ማታ ከራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይጫወታል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእናቱ ሣጥን ውስጥ ያድራል፤ ቁልፉም ከማተባቸው ጋር ነው።